የተኛ ቫይረስ ይቀስቀስ ወይስ ተኝቶ ይቅር?

ባለፈው እትም ስለ ኤፒጄኔቲክስ፣ ማለትም የዲኤንኤው ፊደል ሳይቀየር ጂኖች የሚነበቡበት ወይም የሚዘጉበት አሠራር፣ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሁለቱ መስመር የጥያቄ መዓት ጎትቶብኝ መጣ። ሁሉንም መመለስ ስለማይቻል ደጋግመው የተነሱትን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ ብዙ ዓመቴ ነው። መድኃኒቴን አቋርጬ አላውቅም፤ አሁን ቫይረሱ በምርመራ አይታይም ተብያለሁ። በቅርቡ አንድ ወዳጄ «የካንሰር መድኃኒት የተኛውን ቫይረስ ቀስቅሶ ጠራርጎ ያስወጣል» አለኝ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ለምን አይሰጡንም? ደግሞስ ቫይረሱ ካልታየ ክኒኑን የምውጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ክኒኑን እንዳያቆሙ! «አይታይም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። መመርመሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ፤ እዚያ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። መድኃኒቱ ሲቆም ግን በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ስማርት የተባለ ከ5,400 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በ2006 ወጣ። መድኃኒቱን እያቆሙ እየጀመሩ የወሰዱት ሰዎች ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይልቅ በብዛት ስለታመሙና ስለሞቱ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

ታዲያ ቫይረሱ ከየት ነው የሚመለሰው? ኤችአይቪ ሴል ውስጥ ሲገባ ዘረ መሉን ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ያጋምዳል። ከሚያጠቃቸው ነጭ የደም ሴሎች መካከል የድሮ በሽታን ለማስታወስ የሚቀመጡ፣ ለዓመታት ዝም ብለው የሚቆዩ አሉ። ሴሉ ሲተኛ ቫይረሱም አብሮት ይተኛል። ፕሮቲን አያመርትም። ፕሮቲን ካላመረተ ደግሞ የሰውነት መከላከያ አያየውም። መድኃኒቱም የሚያጠቃው የሚራባውን ቫይረስ ስለሆነ አይነካውም። ከእንዲህ ዓይነት ሴሎች ተመልሶ ሊራባ የሚችል ቫይረስ የያዘው በግምት ከሚሊዮን አንዱ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ይህ ክምችት በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ሂሳብ በክኒን ብቻ ይለቅ ቢባል ከ60 ዓመት በላይ መጠበቅ ነው።

ኤፒጄኔቲክስ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እንደ ልቃቂት ስለተጠነጠነ ነው ትንሿ ሴል ውስጥ የሚገባው። ጠበቅ ተደርጎ የተጠነጠነው ክፍል አይነበብም፤ ላላ ያለው ይነበባል። አሴቲል የምትባል ትንሽ ኬሚካል ሂስቶኑ ላይ ስትለጠፍ ክሩ ይላላል፤ ስትነሳ ይጠብቃል። ሜቲል የምትባለው ደግሞ ዲኤንኤው ላይ ስትለጠፍ ብዙውን ጊዜ ጂኑን ዝም ታሰኘዋለች። በዚህ ሁሉ የዲኤንኤው ፊደል አንዱም አልተነካም። የተኛው ኤችአይቪም ጥብቅ ብሎ ከተጠነጠነው ክር ውስጥ ነው የሚደበቀው።

ወዳጅዎ የሰሙት መድኃኒት ቮሪኖስታት ሳይሆን አይቀርም። በ2006 ለአንድ ዓይነት የቆዳ ሊምፎማ የተፈቀደ ነው። አሴቲሏን የሚያነሱትን ኢንዛይሞች ያግዳል፤ ስለዚህ ክሩ ይላላል። በ2012 ዴቪድ ማርጎሊስ የሚመራው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቡድን መድኃኒቱን እንደ እርስዎ ቫይረሳቸው ለማይታይ 8 ሰዎች ሰጠ። በተኙት ሴሎቻቸው ውስጥ የቫይረሱ አርኤንኤ (ጂኑ ሲነበብ የሚወጣው ቅጂ) በአማካይ 4.8 እጥፍ ጨመረ። የተኛው ቫይረስ በሰው ሰውነት ውስጥ በመድኃኒት ነቃ ማለት ነው። ያኔ «ቀስቅሶ መግደል» የሚባለው ስልት ዜናውን ሁሉ ሞላው።

መቀስቀሱ ሆነ፤ መግደሉ ግን እምቢ አለ። ክምችቱ አልቀነሰም።

ለምን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። ወደ ክሊኒክ ከመግባቴ በፊት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጄ-ላት የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ ውስጣቸው የተኛ ኤችአይቪ አለ፣ ቫይረሱ ሲነቃ ደግሞ ሴሉ አረንጓዴ እንዲያበራ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ማታ መድኃኒቱን ጠብ አድርጌባቸው እሄዳለሁ። ጠዋት የክፍሉን መብራት አጥፍቼ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። በጨለማው ውስጥ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሦስት፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ደብዛዛ አረንጓዴ ነጥብ። ደስ ሲል! ከዚያ ተራውን መብራት ሳበራው የቀሩት ሴሎች ሳህኑን ጢም አድርገው ሞልተውት ይታያሉ። ዘራቸው አንድ፣ የወሰዱት መድኃኒት አንድ፣ ያደሩት እኩል፤ ግን አልነቁም። መጠኑን ስጨምር ጥቂት ተጨማሪ ይነቃሉ፣ ሴሎቹም ሳይለይ ማለቅ ይጀምራሉ። ሰው ላይ እንደዚያ መጠን መጨመር አይቻልም።

የነቃውስ ሴል? እሱም በራሱ አይሞትም። አንድ ሰው ሊገድለው ይገባል፤ ያ «አንድ ሰው» የሰውነት መከላከያ ነው፣ እሱ ደግሞ ከዓመታት ትግል በኋላ ደክሟል። በብሪታንያ ሪቨር የተባለ ጥናት ይህን ለማረም ሞከረ፤ 60 ሰዎች ተሳተፉ፤ ግማሾቹ ከመደበኛው መድኃኒት በተጨማሪ ክትባትና ቮሪኖስታት ወሰዱ። ውጤቱ በ2020 ሲወጣ በሁለቱ ቡድኖች ክምችት መካከል ልዩነት አልነበረም። በዚያ ላይ ቮሪኖስታት መራጭ አይደለም። የኤችአይቪን ክር ብቻ ነጥሎ አያላላም፤ ሌላውንም ያላላል። ድካሙን፣ ማቅለሽለሹን፣ የደም ሴል መቀነሱን የካንሰር ሕመምተኛ ምርጫ ስለሌለው ይችለዋል። እርስዎ ጤናዎ ተጠብቆ ክኒን እየዋጡ ሥራዎን የሚሠሩ ሰው ነዎት። እኔ ብሆን አልለውጥም።

የግሌን ልናገር ከተፈቀደልኝ፣ ተስፋዬ ወደ ተቃራኒው መንገድ ያዘነብላል፤ ከመቀስቀስ ይልቅ ጨርሶ መቆለፍ። መድኃኒት ሳይወስዱ ኤችአይቪን ለዓመታት ተቆጣጥረው የሚኖሩ በጣም ጥቂት ሰዎች አሉ። የ64 እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሴሎች ተመርምረው ውጤቱ በ2020 ታተመ። ያልተበላሸው ቫይረስ ብዙ ጊዜ የተገኘው ጂን በሌለበት፣ ክሩ እጅግ በጠበቀበት የዲኤንኤ ጥግ ውስጥ ነበር። ላላ ባለው ክፍል የነበረውን መከላከያቸው በዓመታት ውስጥ እየለቀመ የጨረሰው ይመስላል፤ የቀረው እዚያ ተቆልፎ ነው። ይህን በመድኃኒት ለማድረግ የሚሞክሩም አሉ። መነሻው ከባሕር ስፖንጅ የሆነ ዲዲሃይድሮ ኮርቲስታቲን ኤ የተባለ ንጥረ ነገር ቫይረሱ ራሱን የሚቀሰቅስበትን ፕሮቲን ያግዳል። አይጦች ላይ ሌላው መድኃኒት ከቆመ በኋላ የቫይረሱን መመለስ እስከ 19 ቀን አዘግይቷል። 19 ቀን ፈውስ አይደለም፤ ግን አቅጣጫው ልቤን ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ኤችአይቪ የለብኝም። ያለብኝ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ስለ እኛ ማንም አይጽፍም። መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ ነው የምትወስጂው ተብያለሁ። ለምን አይድንም?

መልስ፦ እውነትሽን ነው፣ አይጻፍም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸውን ሰዎች 254 ሚሊዮን ገምቷቸዋል፤ ኤችአይቪ ካለባቸው በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

ይህ ቫይረስ ጉበት ሴል ውስጥ ገብቶ ከእኛ ዲኤንኤ ውጪ ለብቻው ትንሽ ቀለበት ሆኖ ይቀመጣል። የሚገርመው የእኛኑ ሂስቶን ወስዶ ራሱን ይጠነጥናል። ላየው ሰው የገዛ ክሮሞዞማችን ትንሽ ወንድም ይመስላል። ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የሚባሉት የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒቶች የሚያግዱት ቫይረሱ አዲስ ቅጂ የሚሠራበትን ሂደት ነው፤ ቀለበቱን አይነኩትም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም ቫይረሱ የሚመለሰው።

ሴሉ ዝም ብሎ አያይም። ኤስኤምሲ 5/6 የሚባል የፕሮቲን ቡድን ቀለበቱ ላይ ተቀምጦ እንዳይነበብ ይዘጋዋል። ቫይረሱ ግን ኤችቢኤክስ የተባለ ፕሮቲን ይልክና ዘበኛውን ያስበላዋል። ይህ የታወቀው በ2016 ነው። ኤችቢኤክስን ማገድ ከተቻለ ዘበኛው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ተመራማሪዎች የሚሮጡት ከዚህ ኋላ ነው። ኢንተርፌሮን የተባለው የቆየ መድኃኒትም ከሥራዎቹ አንዱ ቀለበቱን ዝም ማሰኘት ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው፣ የሚጠቅመውም ጥቂቱን ሰው ነው።

እስከዚያው ሁለት ነገር። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም እንዳታቆሚ፤ ጉበት በድንገት ሊቆጣና እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ሌላው፣ አንድ ቀን ለሌላ ሕመም ኬሞቴራፒ ወይም ሪቱክሲማብን የመሰለ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ከታዘዘልሽ፣ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለብሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ቀለበቱ የሚነቃው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። «ድሮ ይዞኝ ተወኝ» ለሚሉም ይህ ይሠራል።

ጥያቄ፦ «ኤፒጄኔቲክ» የሚል የተጻፈበት የኢንፌክሽን መከላከያ እንክብል ሲሸጥ አየሁ። ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብህን አስቀምጥ። የምትበላው፣ የምትተኛው፣ የምትሮጠው ሁሉ ጂኖችህ እንዴት እንደሚነበቡ ላይ አሻራውን ያሳርፋል፤ ስለዚህ ቃሉን ማንም ማንም ዕቃ ላይ መለጠፍ ይችላል። ኢንፌክሽን መከላከሉን በጥናት ያሳየ አንድም እንክብል አላውቅም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰላም ነዎት? የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ባክቴሪያ የእኛን ኤፒጄኔቲክስ መቀየር ይችላል ሲባል ሰምቼ ገረመኝ። ለውጡ ለልጆቼ ይተላለፋል ማለት ነው?

መልስ፦ ይችላል፣ ደግሞም በጣም ብልጥ ነው። ሊስቴሪያን ውሰድ፤ ከምግብ የሚይዝ፣ በተለይ ለእርጉዝ ሴት አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ነው። የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳዩት፣ ሊስቴሪያ ሴሉን ሲይዝ ኤስአይአርቲ2 የተባለው የገዛ ኢንዛይማችን ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። ገብቶ ከሂስቶን ላይ አሴቲሏን ያነሳል፤ የተወሰኑ ጂኖችም ይዘጋሉ። መሣሪያው የእኛ፣ ትዕዛዙ የባክቴሪያው። ያ ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ኢንፌክሽኑን የተሻለ ተቋቁመውታል። ሕክምናን በተመለከተ እኔን የሚያጓጓኝ ይህ ነው፤ ባክቴሪያውን ሳይሆን እሱ የሚጠቀምበትን የእኛን ኢንዛይም ማገድ። ባክቴሪያው አንቲባዮቲክን እንደሚለምደው ይህን በቀላሉ ላይለምደው ይችላል።

ሌላ ምሳሌ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። ጨጓራ ውስጥ ለዓመታት ሲቆይ የጨጓራው ሽፋን ሴሎች ላይ ብዙ ሜቲል ይለጠፋል፤ ካንሰርን የሚከላከሉ ጂኖች ሳይቀሩ ይዘጋሉ። ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲጠፋ ሜቲሉ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይለቅም። ባክቴሪያው ጠፍቶም የካንሰር ሥጋቱ ዜሮ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ለልጅህ ግን አትስጋ። የጨጓራህ ሴል ላይ የሆነው ወደ ዘር ፍሬህ አይሄድም። በዚያ ላይ የዘር ፍሬ ሲሠራና ፅንስ ሲጀምር አብዛኛው ምልክት ተፍቆ እንደ አዲስ ይጻፋል። አንዳንድ እንስሳትና ዕፅዋት ላይ ለትውልድ የተላለፈ ነገር ታይቷል። ሰው ላይ ግን አፍ ሞልቶ የሚያናግር ማስረጃ የለም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲወለድ የተከተበው ቢሲጂ ከቲቢ ሌላ በሽታም ይከላከላል ይባላል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የምወደው ታሪክ ነው። ቢሲጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1921 ነው። ሲቆይ ግን የተከተቡ ሕፃናት ከቲቢ ጋር ባልተያያዘ ምክንያትም የሚሞቱት ያነሱ መሆናቸው ታየ። በጊኒ ቢሳው ክብደታቸው አነስተኛ ሆነው በተወለዱ ሕፃናት ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ቶሎ የተከተቡት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በተሻለ ሁኔታ ተሻግረዋል። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ግን አልነበረም።

በ2012 ሚሃይ ኔቴያና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ ማብራሪያ አመጡ። ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ ያገኙትን ሁሉ ፊት ለፊት የሚጋፈጡ፣ ድሮ «ትዝታ የላቸውም» ይባሉ የነበሩ። ቢሲጂ የተከተቡ ሰዎች ሞኖሳይቶች ከወራት በኋላ ፈጽሞ ለሌላ ተህዋሲ እንኳ የበረታ ምላሽ ሰጡ። ለሰውነት ቁጣ (ተህዋሲን ለመዋጋት ለሚነሳው ምላሽ) የሚያስፈልጉት ጂኖች ያሉበት ክር ላልቶ፣ ለመነበብ ዝግጁ ሆኖ ቆይቶ ነበር። አንድ ነገር ግን አልገጠመም፤ ሞኖሳይት ደም ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ ለቀናት ነው። ታዲያ ትዝታው ወራት እንዴት ይቆያል? መልሱ የተገኘው መቅኒ ውስጥ ነው። ክትባቱ ሞኖሳይቶችን የሚወልዱትን ግንድ ሴሎች ነው ያሠለጠናቸው።

ታዲያ ቢሲጂ ለሁሉ መድኃኒት ነው? አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ወደ 4,000 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2023 ታተመ፤ ክትባቱ ከኮቪድ አልተከላከለም። ህንድ ውስጥ በአራስ ሕፃናት ላይ የተሞከረ አንድ የቢሲጂ ዓይነትም የሞት ልዩነት አላመጣም። የክትባቱ ዝርያ፣ የሚሰጥበት ዕድሜ፣ የበሽታው ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ልጅዎን ያስከተቡት ከከባድ ቲቢ ለመጠበቅ ነው። ሌላው ከመጣ ምርቃት ነው።

ጥያቄ፦ ኩፍኝ አንዴ ይዞ ይተዋል። ወባ ግን ለምን ደጋግሞ ይይዘኛል? መድኃኒቴን ጨርሼ እንኳ ተመልሶብኛል።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የጠየቅኸኝ።

ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሲገባ የሴሉ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች ያወጣል፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያሉ። ጉብታዎቹ ላይ በሚያቆመው ፕሮቲን የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ካልተጣበቀ ጣፊያ ስትደርስበት ታወጣዋለችና። ችግሩ ይህ ፕሮቲን ለሰውነትህ መከላከያም ይታያል። መከላከያህ በሚገባ አውቆት ሊያጠቃ ሲነሳ ጥቂት ተውሳኮች ፕሮቲኑን ቀይረዋል። ለዚህ ሥራ ወደ 60 ጂኖች አሏቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚከፍቱት ግን አንዱን ብቻ ነው። የቀሩትን ጥብቅ አድርገው ጠንጥነው ኒውክሊየሳቸው ዳር ያስቀምጧቸዋል። መልክ መለወጥ ሲያስፈልግ አንዱን ዘግተው ሌላውን ይፈታሉ። ይህ ሁሉ ኤፒጄኔቲክስ ነው። በሽታው ባለበት አካባቢ የሚኖር ሰው ብዙዎቹን መልኮች ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከባዱ ወባ በይበልጥ ትንንሽ ልጆችን የሚጥለውም ለዚህ ነው።

ሁሉንም መልክ በአንድ ጊዜ እንዲያሳዩ ብናስገድዳቸውስ? ወባ ላይ ገና ነው፤ ጃርዲያ ላይ ግን ተሞክሯል። ይህ የአንጀት ተውሳክም መልኩን የሚቀያይር ነው። የአርጀንቲና ተመራማሪዎች የመቀያየሪያ ዘዴውን ሰበሩበትና ሁሉንም መልኮቹን አንድ ላይ እንዲያወጣ አደረጉት። ከዚያ በዚሁ ተውሳክ ጀርቢል የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳትን ከተቡ። በ2010 እንደታተመው እንስሳቱ በኋላ ጃርዲያ ሲሰጣቸው ተቋቋሙት። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ላብራቶሪው ይናፍቀኛል።

መድኃኒት ጨርሰህ የተመለሰብህ ግን ቫይቫክስ ሊሆን ይችላል። እሱ ጉበት ውስጥ የሚተኛ ቅርጽ አለው፤ ደም ውስጥ ያለውን ወባ የሚገድለው መድኃኒት አይደርስበትም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ተነስቶ እንደ አዲስ ያንቀጠቅጥሃል። እዚህ ላይ ከኤችአይቪ የተሻለ ዕድል አለን፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን የሚገድሉ ፕሪማኩዊንና ታፌኖኩዊን አሉ። መጀመሪያ የደም ምርመራ ወረቀትህ ላይ የትኛው የወባ ዓይነት እንደተጻፈ እይ። ቫይቫክስ ከሆነ ፕሪማኩዊን ታዞልህ እንደነበር፣ ከታዘዘም እስከ መጨረሻው ቀን እንደወሰድከው አስታውስ፤ ብዙ ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው ይተወዋል። ከሁለቱ አንዱን ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ጂ6ፒዲ የሚባለውን ምርመራ አድርግ፤ ይህ ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው መድኃኒቶቹን ሲወስድ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱበት ይችላሉ።